የሌክሰር የፊደል ንባብ

የፊደል ንባብ በኮምፒውተር ቋንቋ ትርጉም ሥራ ውስጥ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ሌክሰር የተባለው የፕሮግራም ክፍል ምንጭ ኮዱን ከፋይል ወይም ከቁልፍ ሰሌዳ ፊደል በፊደል እየወሰደ የሚያነብበትን መንገድ ያመለክታል። ሌክሰር ያነበባቸውን ፊደላት ሰብስቦ ቶክን ወደሚባሉ አሃዶች ይለውጣቸዋል። ፓርሰር ደግሞ ቶክኖቹን ተቀብሎ በቋንቋው ሰዋስው መሠረት ያዋቅራቸዋል።

ይህ ክፍል በአብዛኞቹ ኮምፓይለሮች ውስጥ ጥቂት መስመር ብቻ ነው። ነገር ግን «ፊደል ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። አንድ ባይት አንድ ፊደል ነው ብሎ የተነሳ ሌክሰር በእንግሊዝኛ ፊደል ለተጻፈ ኮድ ለዓመታት ያለ እንከን ሊሠራ ይችላል። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም ሲገጥመው ግን ስሙን ይቆራርጠዋል ወይም አልቀበልም ይላል።

## በትርጉም ሂደት ውስጥ ያለው ቦታ

የሚከተለው መስመር እንደ ምሳሌ ይወሰድ፦

ዋጋ = 25 + ቀረጥ

አንባቢ ሰው በዚህ መስመር ውስጥ አምስት ነገሮችን ያያል፦ «ዋጋ» የሚለውን ስም፣ የእኩል ምልክቱን፣ 25 ቁጥርን፣ የመደመር ምልክቱን እና «ቀረጥ» የሚለውን ስም። አምስቱ ቶክኖች እነዚህ ናቸው። በፋይሉ ውስጥ ያለው ግን የቁጥሮች ሰልፍ ብቻ ነው። መስመሩ በዩቲኤፍ-8 ሲቀመጥ ክፍት ቦታዎቹን ጨምሮ 13 ምልክቶች ቢኖሩትም 23 ባይት ይይዛል። ከ23 ባይት ወደ 13 ምልክት የሚያደርሰው ሥራ የፊደል ንባብ ነው፤ ከ13 ምልክት ወደ 5 ቶክን የሚያደርሰው የሌክሰሩ ቀሪ ሥራ ነው።

ሁለቱን ለያይቶ መሥራት የተለመደ ነው። የፊደል አንባቢው ክፍል ስለ ፋይል፣ ስለ ባይት እና ስለ መስመር ቁጥር ያስባል፤ ሌክሰሩ ስለ ስም፣ ስለ ቁጥር እና ስለ ምልክት ያስባል። ስለዚህ ግብዓቱ ከፋይል ወደ ቁልፍ ሰሌዳ ወይም ወደ ኔትወርክ ቢቀየር የሌክሰሩን ሕጎች መንካት አያስፈልግም።

## መሠረታዊ ተግባራት

የፊደል አንባቢ ለሌክሰሩ የሚሰጠው አገልግሎት በሦስት ይጠቃለላል፦

- ውሰድ፦ ቀጣዩን ፊደል ሰጥቶ አንድ እርምጃ ወደፊት ይሄዳል።
- ተመልከት፦ ቀጣዩን ፊደል ያሳያል፤ ነገር ግን ካለበት አይንቀሳቀስም።
- መጨረሻ፦ ግብዓቱ ማለቁን ያስታውቃል።

«ተመልከት» ያስፈለገው አንድ ቶክን የት እንደሚያበቃ የሚታወቀው ከእሱ ቀጥሎ ያለው ፊደል ሲታይ ስለሆነ ነው። ሌክሰሩ «25»ን አንብቦ ቀጥሎ ክፍት ቦታ ካየ ቁጥሩ አልቋል። ነጥብ ካየ ግን 25.5 ሊሆን ስለሚችል ይቀጥላል። «ከሆነ» ቁልፍ ቃል በሆነበት ቋንቋ «ከሆነች» የሚል ስም ቢመጣ፣ ሌክሰሩ «ከሆነ» ላይ ቆሞ «ች»ን ለብቻዋ መተው የለበትም። ስለዚህ አብዛኞቹ ሌክሰሮች የሚከተሉት ሕግ «የሚቻለውን ረጅሙን ውሰድ» የሚል ነው።

የሌክሰር ዋና አካል በአማርኛ ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

ቶክን አንብብ፦
— ክፍት ቦታዎችን እለፍ
— ፊ = ተመልከት
— ፊ መጨረሻ ከሆነ፦ «አልቋል» ብለህ መልስ
— ፊ ሆሄ ከሆነ፦ ሆሄ ወይም አኃዝ እስከመጣ ድረስ እየወሰድክ ቃሉን ሰብስብ፤ ቃሉ በቁልፍ ቃላት ዝርዝር ውስጥ ካለ «ቁልፍ ቃል»፣ ከሌለ «ስም» ብለህ መልስ
— ፊ አኃዝ ከሆነ፦ አኃዝ እስከመጣ ድረስ እየወሰድክ ቁጥሩን ሰብስብና መልስ
— ከእነዚህ ውጭ ከሆነ፦ ፊን ወስደህ «ምልክት» ብለህ መልስ

ከዚህ በታች የሚነሱት ጥያቄዎች ሁሉ የሚመነጩት እዚህ ላይ በቀላሉ ከታለፉት «ፊደል»፣ «ሆሄ»፣ «አኃዝ»፣ «ክፍት ቦታ» እና «መጨረሻ» ከሚሉት ቃላት ነው።

## የግብዓት መጨረሻ

በሲ ቋንቋ አንድ ባይት የሚያነቡት ተግባራት ውጤቱን የሚመልሱት ከባይት በሚሰፋ የሙሉ ቁጥር ዓይነት ነው። ምክንያቱም ከ0 እስከ 255 ያሉት 256 ዋጋዎች ሁሉ እውነተኛ ባይት ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ «አልቋል» ለማለት ከእነሱ ውጭ የሆነ ዋጋ ያስፈልጋል፤ ይህም በአብዛኛው −1 ነው። ፕሮግራም ጸሐፊው ውጤቱን በአንድ ባይት ተለዋዋጭ ውስጥ ካስቀመጠው 255 እና −1 መለየት ሊያቅታቸው ይችላል። ያን ጊዜ ንባቡ ፋይሉ ሳያልቅ ይቆማል፣ ወይም ጭራሽ አይቆምም።

ሌላው ወጥመድ የግዕዝ ፊደልን በቀጥታ የሚነካ ነው። በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሲ የባይት ዓይነት አሉታዊ ቁጥር ይቀበላል። የአብዛኞቹ የግዕዝ ፊደላት የመጀመሪያ ባይት 225 ሲሆን በዚህ ዓይነት ተለዋዋጭ ውስጥ −31 ሆኖ ይነበባል። ሌክሰሩ የፊደሉን ዓይነት ከ256 ረድፍ ሠንጠረዥ ላይ የሚፈልግ ከሆነ ከሠንጠረዡ ውጭ ያለ የማስታወሻ ቦታ ይነካል። በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ የተፈተነ ፕሮግራም ይህን ጉድለት አያሳይም፤ የእንግሊዝኛ ፊደላት ባይቶች ሁሉ ከ128 በታች ናቸውና።

## ባይት፣ ኮድ ነጥብ እና ፊደል

አስኪ የተባለው እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው መለኪያ 128 ኮዶች ብቻ አሉት። የቀደሙት ሌክሰሮች በዚህ ላይ ተመሥርተው ስለተሠሩ ባይት እና ፊደል አንድ ነበሩ። የግዕዝ ፊደል ግን ከነዲቃሎቹ፣ ከነአኃዙና ከነሥርዓተ ነጥቡ በ256 ቦታ አይበቃም። ከዩኒኮድ በፊት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ እና ፓወር ግዕዝ ያሉ ሥርዓቶች የአማርኛን ቅርጾች በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ኮድ ላይ ያስቀምጡ ነበር። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በስክሪን ላይ አማርኛ ሆኖ ቢታይም፣ ለሌክሰር የሚታየው የላቲን ሆሄ፣ ቅንፍና የሒሳብ ምልክት የተቀላቀለበት ሰልፍ ነው።

ዩኒኮድ የግዕዝ ፊደልን ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ነው። ከዚያ ጀምሮ እያንዳንዱ ሆሄ ኮድ ነጥብ የሚባል የራሱ ቁጥር አለው። ዋናው የግዕዝ ክፍል ከ4608 (ሀ) ይነሳል፤ 384 ቦታዎችም አሉት። ተጨማሪ ክፍሎች እ.ኤ.አ. በ2005፣ በ2010 እና በ2021 ተጨምረዋል።

ኮድ ነጥቡ በፋይል ውስጥ የሚቀመጥበት በጣም የተለመደው መንገድ ዩቲኤፍ-8 ነው። ይህን ዘዴ ኬን ቶምፕሰን እና ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1992 ነደፉት። የአስኪ ፊደላት በአንድ ባይት ይቀራሉ፤ ሌሎቹ ከሁለት እስከ አራት ባይት ይወስዳሉ። በዋናው ክፍል ያሉ የግዕዝ ፊደላት እያንዳንዳቸው ሦስት ባይት ናቸው።

### ምሳሌ፦ «ፑኝዶ»

በጋምቤላ ክልል በአኝዋ ዞን በጎግ ወረዳ የምትገኘው የፑኝዶ ስም በአማርኛ ሦስት ፊደል ነው። በዩቲኤፍ-8 ግን ዘጠኝ ባይት ይሆናል፦

- ፑ፦ ኮድ ነጥብ 4945፤ ባይቶች 225፣ 141፣ 145
- ኝ፦ ኮድ ነጥብ 4765፤ ባይቶች 225፣ 138፣ 157
- ዶ፦ ኮድ ነጥብ 4854፤ ባይቶች 225፣ 139፣ 182

የመጀመሪያው ባይት ከ224 እስከ 239 ከሆነ ፊደሉ ባለ ሦስት ባይት መሆኑ ይታወቃል። ተከታዮቹ ባይቶች ምንጊዜም ከ128 እስከ 191 ናቸው። ኮድ ነጥቡ የሚገኘው እንዲህ ነው፦

(225 − 224) × 4096 + (141 − 128) × 64 + (145 − 128) = 4096 + 832 + 17 = 4945

ባይትን እንደ ፊደል የሚቆጥር ሌክሰር ለዚህ ስም ርዝመቱ 9 ነው ይላል። ለስም የተፈቀደው ርዝመት 8 ቢሆንና ቀሪው ቢቆረጥ የመጨረሻዋ «ዶ» ሁለት ባይት ብቻ ይቀራታል፤ በስክሪን ላይም የጥያቄ ምልክት ወይም ባዶ ሳጥን ሆና ትታያለች።

## በፈር

ፋይልን ባይት በባይት ከዲስክ መጠየቅ አዝጋሚ ስለሆነ ሌክሰሮች ብዙ ባይት በአንድ ጊዜ ወደ በፈር ያመጣሉ። የተለመደው መጠን 4096 ባይት ነው። አሆ፣ ሴቲ እና ኡልማን እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ታዋቂ የኮምፓይለር መማሪያ መጽሐፍ ላይ የቀረበው ስልት ሁለት በፈሮችን በየተራ መሙላት እና በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ዘብ የሚባል ልዩ ምልክት ማስቀመጥ ነው። በዚህ ዘዴ ሌክሰሩ በእያንዳንዱ ፊደል ላይ «በፈሩ አልቋል?» እና «ይህ የትኛው ፊደል ነው?» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎችን መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ሁለተኛው ብቻ ይበቃል።

ከአንድ ባይት የሚበልጡ ፊደላት እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። 4096 ለ3 ሲካፈል 1365 ደርሶ 1 ይተርፋል። ፋይሉ በሙሉ የግዕዝ ሆሄ ቢሆን 1366ኛው ፊደል በበፈሩ ጫፍ ላይ ይሰነጠቃል፦ አንድ ባይት እዚህ፣ ሁለት ባይት በሚቀጥለው። ትክክለኛ አንባቢ የተረፈውን ባይት ይዞ በፈሩን ከሞላ በኋላ ይቀጥላል። ይህን የማያደርግ ፕሮግራም በአጭር ፋይል ላይ ደህና ይሠራል፤ ስህተቱ የሚታየው ፋይሉ ሲረዝም ነው።

## የግዕዝ ፊደል ለሌክሰር የሚያስነሳቸው ጥያቄዎች

### ሥርዓተ ነጥብ

ሁለት ነጥብ (፡) በቀድሞው አጻጻፍ ቃላትን ይለያል። በዩኒኮድ ግን የተመደበው ከሥርዓተ ነጥብ ጋር እንጂ ከክፍት ቦታ ጋር አይደለም። ስለዚህ ክፍት ቦታን ብቻ የቃል መለያ አድርጎ የሚሠራ ሌክሰር በ፡ የተለያዩ ቃላትን እንደ አንድ ይቆጥራል ወይም ምልክቱን አላውቀውም ይላል። ጀማሪዎች በአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ ሲጽፉ የላቲኑን ኮለን በ፡፣ ኮማውን በ፣ መተካታቸው የተለመደ ነው። ምልክቶቹ ለዓይን ቢቀራረቡም ኮዳቸው የተለያየ ስለሆነ ፓይተን የማይፈቀድ ምልክት አገኘሁ ብሎ ይቆማል።

አራት ነጥብም እንዲሁ በሁለት መንገድ ይጻፋል። ። አንድ ኮድ ነጥብ (4962) ነው። ብዙ ሰዎች ግን ፡ን ሁለት ጊዜ በመምታት ፡፡ ብለው ይጽፋሉ፤ ይህ ሁለት ኮድ ነጥብ (4961፣ 4961) ነው። የአማርኛን ጽሑፍ ወደ ዓረፍተ ነገር የሚከፋፍል ሌክሰር ፡ን ሲያገኝ ቀጥሎ ያለውን መመልከት አለበት፦ ሌላ ፡ ካለ ሁለቱን በአንድነት አራት ነጥብ ብሎ ይወስዳል፤ ከሌለ የቃል መለያ ብሎ ያልፈዋል።

### አኃዝ

የግዕዝ አኃዝ እንደ 0–9 አኃዞች በቦታ ዋጋ አይነበብም። ሌክሰሮች ቁጥር ሲያነቡ የተሰበሰበውን በ10 አባዝተው አዲሱን አኃዝ ይደምራሉ፤ ለ፳፻፲፯ ይህ አይሠራም። ትክክለኛው ንባብ 20 × 100 + 10 + 7 = 2017 ነው። ፓይተን ከ፩ እስከ ፱ ያሉትን ከመጀመሪያው ሆሄ ቀጥሎ በስም ውስጥ ይቀበላል፤ ስለዚህ «ስም፩» ትክክለኛ ስም ነው። «ስም፲» ግን አይፈቀድም። ሁለቱም ቢሆኑ ለሒሳብ እንደ ቁጥር አይነበቡም።

### ሞክሼ ሆሄያት እና መልከ ተመሳሳዮች

ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ በአማርኛ ንግግር ድምፃቸው አንድ ቢሆንም ኮዳቸው የተለያየ ነው። በኮድ ውስጥ «ኃይል» ብሎ የሰየመ ሰው በሌላ መስመር «ሀይል» ቢል ሌክሰሩ ሁለት የተለያዩ ስሞች አድርጎ ያሳልፋቸዋል። የዩኒኮድ የማስተካከያ ሥርዓትም አያዋህዳቸውም፤ በግዕዝና በትግርኛ የትርጉም ወይም የድምፅ ልዩነት ሊያመጡ ይችላሉና። ስለዚህ በፕሮጀክት ውስጥ አንድ አጻጻፍ መርጦ በእሱ መጽናት የፕሮግራም ጸሐፊዎቹ ድርሻ ነው።

በአንጻሩ «ዐ» ከላቲኑ «ኦ»፣ «ፐ» ከላቲኑ «ቲ»፣ «ተ» ደግሞ ከመደመር ምልክት ጋር በመልክ ይመሳሰላሉ። ሌክሰሩ አይደናገርም፤ የሚደናገረው ኮዱን የሚያነብ ሰው ነው።

## ተጣማሪ ምልክቶች

በጋምቤላ ክልል የሥራ ቋንቋው አማርኛ ሲሆን፣ አኝዋ እና ኑዌር በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። እንደ ፑኝዶ ባለ ቦታ የሚዘጋጅ የስም መዝገብ የግዕዝ እና የላቲን ፊደላትን በአንድ ፋይል ሊይዝ ይችላል። ስሙ ራሱ በላቲን ሲጻፍ መነሻው አንዳንዴ «ፒ» አንዳንዴ «ኤፍ» ይሆናል፤ ለሌክሰር እነዚህ የተለያዩ ቃላት ናቸው።

የኑዌር አጻጻፍ ከግዕዝ የተለየ ጥያቄ ያመጣል። አንዳንድ አናባቢዎች ከበላያቸው ሁለት ነጥብ፣ አንዳንዶቹ ከሥራቸው ሰረዝ አላቸው። ሁለት ነጥብ ያለበት «ኤ» በዩኒኮድ በአንድ ኮድ ነጥብ (228) ወይም በሁለት፣ ማለትም በተራው «ኤ» እና በተጣማሪ ነጥብ (97፣ 776) ሊጻፍ ይችላል። ከሥሩ ሰረዝ ያለበት «ኤ» ግን አንድ ወጥ ኮድ የለውም፤ ምንጊዜም አናባቢው እና ተጣማሪው ሰረዝ (817) ተከታትለው ይጻፋሉ።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ «ሆሄ የሆነውን ብቻ ውሰድ» የሚል ሌክሰር ተጣማሪው ምልክት ላይ ሲደርስ ቃሉን መሃል ላይ ይቆርጠዋል፤ ስለዚህ ተጣማሪ ምልክቶች ከመጀመሪያው ሆሄ በኋላ እንዲፈቀዱ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ለዓይን ፍጹም አንድ የሆኑ ሁለት ስሞች በባይት ሊለያዩ ስለሚችሉ ከማወዳደር በፊት ወደ አንድ መልክ ማምጣት ይገባል። የሞክሼ ሆሄያት ልዩነት በዚህ መንገድ የማይፈታ ሲሆን የተጣማሪ ምልክቶች ልዩነት ግን ይፈታል።

## በታወቁ ቋንቋዎችና መሣሪያዎች

ሌክስ የተባለውን ሌክሰር አመንጪ ማይክ ሌስክ እና ኤሪክ ሽሚት እ.ኤ.አ. በ1975 በቤል ቤተ ሙከራ አቀረቡት። ተከታዩ ፍሌክስ የሚሠራው በባይት ነው። በእሱ የግዕዝን ዋና ክፍል ለመግለጽ ሦስት ባይቶችን በተከታታይ መጻፍ ያስፈልጋል፦ 225፣ ከ136 እስከ 141፣ ከ128 እስከ 191። ይህ ግን ሥርዓተ ነጥቡንና አኃዙንም ስለሚጨምር ለስም የሚሆኑትን ሆሄያት ብቻ መርጦ ማውጣት የጸሐፊው ሥራ ነው።

ጃቫ ከመነሻው ዩኒኮድን የተቀበለ ቋንቋ ሲሆን፣ የዩኒኮድ 3.0ን ፊደላት የያዘው እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው 1.4 እትሙ ነው። የጃቫ የፊደል ዓይነት 16 ቢት ስለሆነ ለዋናው የግዕዝ ክፍል ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 ለጉራጌኛ አጻጻፍ የተጨመሩት ሆሄያት ግን ከ16 ቢት በላይ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ሁለት የጃቫ ፊደል፣ በዩቲኤፍ-8 ደግሞ አራት ባይት ይይዛሉ።

ፓይተን እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው 3ኛ እትሙ ጀምሮ «ዋጋ» እና «ቀረጥ»ን የመሰሉ ስሞችን ይቀበላል። የጎ ቋንቋም ይቀበላል፤ ሆኖም በጎ አንድ ስም ከፓኬጁ ውጭ እንዲታይ በትልቅ ሆሄ መጀመር አለበት። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ልዩነት ስለሌለው በግዕዝ ሆሄ የሚጀምር ስም ከፓኬጁ ውጭ ሊታይ አይችልም። ለሲ የሚያገለግለው ጂሲሲ በዩቲኤፍ-8 የተጻፉ ስሞችን በቀጥታ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው 10ኛ እትሙ ነው።

## የአማርኛ መተየቢያ እንደ ሌክሰር

አማርኛን በላቲን ቁልፍ ሰሌዳ የሚያስጽፉ ፕሮግራሞች ራሳቸው አነስተኛ ሌክሰሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅ እና ዳንኤል ያቆብ ያዘጋጁት ሴራ የተባለው ሥርዓት የግዕዝን ፊደል በአስኪ ለመጻፍ የሚያስችል ነው። ተጠቃሚው «ኤስ»ን ሲመታ «ስ» ይጻፋል፤ ቀጥሎ «ኢ»ን ሲመታ «ስ» ተሰርዞ በ«ሰ» ይተካል። ትንሹ «ቲ» ለ«ት»፣ ትልቁ «ቲ» ለ«ጥ» ይውላል። ፕሮግራሙ አንዱን ፊደል ካየ በኋላ ቀጣዩን እስኪያይ ድረስ መጨረሱን ስለማያውቅ የሚከተለው ያንኑ «ረጅሙን ውሰድ» የሚል ሕግ ነው።

## የስህተት አያያዝ

ጥሩ የፊደል አንባቢ የመስመርና የዓምድ ቁጥር ይይዛል፤ ፓርሰሩ ስህተት ሲያገኝ ቦታውን የሚያመለክተው በዚህ ነው። ዓምዱ በባይት ከተቆጠረ በግዕዝ በተጻፈ መስመር ላይ ጠቋሚው ከስህተቱ በጣም ርቆ ወደ ቀኝ ያርፋል። «ዋጋ = 25 + ቀረጥ» በሚለው መስመር «ቀረጥ» የሚጀምረው በ11ኛው ምልክት ላይ ሲሆን በባይት ግን 15ኛው ነው።

አንባቢው ሌሎች ሦስት ነገሮችንም መለየት አለበት። የመስመር መጨረሻ በዩኒክስ ባይት 10፣ በዊንዶውስ 13 እና 10 ነው፤ ሁለቱም እንደ አንድ መስመር መቆጠር አለባቸው። አንዳንድ የዊንዶውስ ፕሮግራሞች በፋይሉ መነሻ ላይ 239፣ 187፣ 191 የሚሉ የማይታዩ ባይቶችን ያስቀምጣሉ፤ ካልታለፉ ሌክሰሩ ገና በመጀመሪያው መስመር ላይ ስህተት ያሳያል። ትክክለኛ ዩቲኤፍ-8 ያልሆነ ባይት ሲገኝ ደግሞ በዝምታ ከማለፍ ይልቅ ቦታውን ጠቅሶ ማስታወቅ ይመረጣል። በተለይ በአንድ ባይት መጻፍ ያለበትን ፊደል በሁለት ባይት የሚጽፍ ሰልፍ መከልከል አለበት፤ እንዲህ ያለ አጻጻፍ የደህንነት ማጣሪያዎችን ለማታለል ሊውል ይችላልና።